ጧት ጧት የሚያንኳኳው ሞተር

ሆሳዕና ላይ ጥሩ ሞተር የሚባለው በብርድ ሲነሣ ድምፁ የማይሰማ ነበር። ባለመኪናው ማልዶ ጋራዥ ይመጣል፤ ጋቢውን እንደተከናነበ ቆሞ መካኒኩ ሲያስነሣ ያዳምጣል። ሞተሩ ዝም ካለ «አፉን የያዘ ነው» ብሎ መርቆ ይነዳል። ካንኳኳ ግን ሱቆቹ ሳይከፈቱ ወሬው ገበያ ይደርሳል። ጴጥሮስ ከሌሞ ገጠር መጥቶ መካኒክ ከሆነ ጀምሮ አፉን ያልያዘ ሞተር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

ብልሃቱ የተደበቀ አልነበረም። ፒስተኑን ሲሊንደሩ ውስጥ ሲከት በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት እንደ ንፉግ ሰው ያጠብበው ነበር። ቀጭን የብረት ቅጠል በፒስተኑ ጎን አስገብቶ ይስባል፤ ቅጠሉ እየተጎተተ ካልወጣ አይረካም።

የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የጭነት መኪና ሞተር ለእድሳት የወረደው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሾፌሩ ተገኘ የጴጥሮስ ታናሽ ወንድም ነበር። ከእናታቸው ልጆች የቀሩት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እናታቸው ስታርፍ የተገኘን እጅ ይዛ ጴጥሮስ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ነበር።

መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ በደርግ ዘመን ጴጥሮስ ሲሊንደሩን ይዞ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ጠይቆ አስጠይቆ ያገኛቸው ፒስተኖች የለመዳቸው ዓይነት አልነበሩም። እዚያው ሲሊንደር የሚያሰፉለት ሽማግሌ፣ ጋሽ ኃይለ ማርያም፣ አንዱን አንሥተው በመዳፋቸው መዘኑት።

«ይሄ ቀልጦ የፈሰሰ አይደለም፤ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው» አሉት። «ብርቱ ነው። ግን ሲሞቅ ከለመድከው ይበልጥ ያብጣል። ሲሊንደሩን ከወትሮው ሰፋ ላድርግልህ።»

«በብርድ አያንኳኳም?»

«ያንኳኳል። እስኪሞቅ ነው።»

«እኛ አገር የሚያንኳኳ ሞተር ሰው ያሳስራል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ፒስተኑን አስቀመጡት። «ገብስ ለንፍሮ ስትጥዱ ማሰሮውን ጢም አድርጋችሁ ነው የምትሞሉት?»

«አይደለም።»

«እንግዲህ።»

ጴጥሮስ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ሻይ አዝዞ ተቀመጠ። ጎረቤቱ መካኒክ ወልደ ሰንበት፣ የጠገነው የማኅበር ወፍጮ በመኸር መካከል ስለቆመ፣ አሻጥር ሠርተሃል ተብሎ ከተወሰደ ወዲህ አልተመለሰም። ሞተሩ ጠቦ ቢሠራ ጧት ዝም ይላል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ይመርቃል። ከዚያ ወደ ጃጁራ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ጭነት ከብዶት ሲግል፣ ያበጠው ፒስተን ግድግዳውን ነክሶ ይይዛል። መሪውን የያዘው ደግሞ ተገኘ ነው። ሻዩ እፊቱ ቀዘቀዘ። ተነሥቶ ገባና «ያስፉት» አለ።

መኪናው በሚነሣበት ጧት ሊቀ መንበሩ አሳምነው ከኮሚቴው ጋር መጣ። ተገኘ ሲያስነሣው ሞተሩ ቋ ቋ ቋ አለ።

«ጴጥሮስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እስኪሞቅ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ያንተ ሞተር ከመቼ ወዲህ ነው እስኪሞቅ የሚያስጠብቀው? ለነጋዴ ስትሠራ ዝም ይላል፤ የሰፊው ሕዝብ ሲሆን ያንኳኳል?»

ከኮሚቴው ወይዘሮ እልፍነሽ «አስገቡኝ እያለ ይሆናል» አሉ። የሳቀ የለም።

አሳምነው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን እሱንም የሚጠይቀው አለቃ ነበረው። የተጫነው የዘር ስንዴ ጃጁራ መድረስ ስላለበት መኪናው እንዲሄድ፣ ጴጥሮስ ግን እስኪመለስ ቀበሌ እንዲቆይ ወሰነ። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ተጠያቂው ጴጥሮስ ነው።

ተገኘ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ በሀዲይኛ «ጋሼ፣ ቀስ ብዬ ልንዳው?» አለ።

«በቆመበት አሙቀው። ዝም ሲልልህ ንዳ። ከዚያ በኋላ አትሳሳለት።»

ጴጥሮስ ቀበሌው አግዳሚ ላይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ዳገቱ ጭቃ ሆኗል፤ ሽማግሌው ተሳስተው ቢሆንስ ብሎ አሰበ፤ ስለ ወልደ ሰንበት ግን አላሰበም። ዝናቡ ካባራ በኋላ መኪናው በጃጁራ መንገድ ሲመጣ ሰማው። አፉን ይዟል።

«ዳገቱን እየዘመረ ወጣው» አለ ተገኘ ከመኪናው እየወረደ።

አሳምነው «ይደርና ጧት እንሰማዋለን» ብሎ ጴጥሮስን ቀበሌ አሳደረው። ሞተሩ ጧት እንደገና አንኳኳ። ሊቀ መንበሩ ድምፁ እስኪጠፋ ቆሞ አዳመጠና ጴጥሮስን «ወደ ቤትህ ሂድ» አለው።

ከዚያ ወዲያ «ጴጥሮስ እጁ ሰፋ፤ ሞተሩ ያንኳኳል» ተባለ፤ ሞተር የሚያመጣለት ሰው እየቀነሰ ሄደ። ቤቱ ከማኅበሩ ግቢ ጀርባ ስለነበር ጧት ጧት ማንኳኳቱን አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል።

«አልሞቀም?» ትለዋለች ሚስቱ ጣቢታ።

«ገና ነው።»

ቆይቶ «ሞቀ» ይልና ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል። ተገኘ በደህና ሄደ ማለት ነው።

በኋላ ለሰሜን ጦር ግንባር መኪኖች ከነሾፌሮቻቸው እንዲላኩ ትእዛዝ መጣ። የከተማው መኪኖች ተሰልፈው ተፈተኑ። የሚያጨሰው ተመለሰ፤ ዳገት ላይ የሚፈላውም ተመለሰ። የማኅበሩን መኪና መርማሪው ራሱ ዳገት አውጥቶ አወረደውና «እንዲህ ያለ ሞተር ነው የምንፈልገው» አለ። ጴጥሮስ ከሰዎቹ ጋር ቆሞ ሰማ።

በሄዱበት ጧት ጴጥሮስ ኮፈኑ ላይ እጁን አድርጎ ቆመ። ከብረቱ ሥር ያንኳኳል። ሲሞቅና ዝም ሲል እጁን አነሣ። ተገኘም ነዳ።

የተገኘ መርዶ ከመጣ በኋላ ወልደኪዳን የሚባል የዱራሜ ሾፌር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ግንባር ላይ ከተገኘ ጋር አብሮ የነበረ፣ ክንዱን ቆስሎ የተመለሰ ሰው ነው። መኪናው በጥይት ተመትቶ መቃጠሉን በዝግታ ተናገረ። ጴጥሮስ አስጨርሶት ጠየቀው።

«መንገድ ላይ ቆሞበት ያውቃል?»

«ሞተሩ? አያውቅም። የእኛ ሲቆም የሚጎትተን እሱ ነበር።»

«ጧትስ?»

«ጧትማ ያንኳኳል። እኛም ‹ተገኘ ተነሣ› ብለን ነበር የምንነቃው።»

ጴጥሮስ ራሱን ነቀነቀ። ጣቢታ ቆጮና ጎመን አቀረበች። ከመርዶው ወዲህ እህል ያልቀመሰው ጴጥሮስ ለእንግዳው ቆርሶ ሰጠና፣ ለራሱም ቆረሰ።