ወንዛዬ ላይ ያልነበረው መታጠቢያ

አክስቴ ወንዛዬ፣ ፍል ውሃው አጠገብ፣ የሚያከራዩአቸው ክፍሎች አሏቸው። እኔ ደብረ ታቦር ቁጭ ብዬ ድረ ገጽ እሠራለሁ። የሳቸውን ስሠራ የየክፍሉ አድራሻ ረዝሞ፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት፣ የእኩል ምልክትና ቁጥር ተደርድሮበት ነበር። አክስቴ በስልክ ለእንግዳ ሊነግሩት ሞክረው ተናደዱ።

«ይሄ ምኑ አድራሻ ነው? የጥያቄ ምልክት ስለው፣ ምን ልጠይቅዎ ይለኛል» አሉኝ።

አሳጠርኩላቸው። ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ እዝባር፣ ከዚያ የክፍሉን ስም መጻፍ ብቻ በቂ ሆነ። ሰርቨሩ ላይ ያስቀመጥኩት ኮድ ከእዝባሩ በኋላ ያለውን ስም አንብቦ ገጹን እዚያው ያዘጋጃል። ክፍሉ በእርግጥ መኖሩን ግን እንዲያጣራ አላዘዝኩትም።

ይህን መጀመሪያ ያወቀው ዲያቆን ጓደኛዬ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ «የበሬ መኝታ» ብሎ ጻፈበት። ገጹ ለሁሉም ክፍል ካስገባሁት የፍል ውሃ ፎቶ ጋር ከች አለ፦ «የበሬ መኝታ፤ እንኳን ደህና መጡ።» ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ቀጥሎ «የንጉስ መታጠቢያ» ብሎ ጻፈና አድራሻውን አብረውት ቅኔ ለተማሩት ጓደኞቹ ላከው።

ከቀናት በኋላ አክስቴ ደወሉ።

«ከገሳይ አንድ የኔታ መጥተዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የንጉሥ መታጠቢያ ካልሆነ አልገባም አሉ።»

ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ቅኔ ያስተማሩት መምህሩ ናቸው።

«ታዲያ ምን አሏቸው?» አልኳቸው አክስቴን።

«ጥግ ያለውን ክፍል አስጠርጌ፣ ይኸውልዎ አልኳቸው። ገንዳው ምነው ጠበበ ሲሉኝ፣ የድሮ ነገሥታት ቀጫጮች ነበሩ አልኳቸው።»

በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅ በሚኒባስ ወረድን። የኔታ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ዘፍዝፈው አገኘናቸው። ዲያቆኑ ጉልበታቸውን ስሞ አንገቱን ደፋ።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ማንም ሳይነግረኝ አውቄአለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ንጉሥን በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ተማሪ ያፈራሁት አንድ ብቻ ነው።»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣሁ። ዲያቆኑ ግን እስኪመሽ ጀርባቸውን ሲያሽ ዋለ።

ደብረ ታቦር ስመለስ ኮዱ የክፍሎቹን ስም እንዲያመሳክርና ሌላ ሲጻፍለት «እንዲህ ያለ ክፍል የለንም» እንዲል አደረግኩ። አክስቴ ወዲያው ደወሉ።

«የንጉሥ መታጠቢያን ለምን ሰረዝክብኝ? ሁለት ቤተሰብ ጠይቆኛል። በል መልሰህ አስገባው፤ በሩ ላይ አስጽፌዋለሁ።»