በምርቃት ያለፈ ትምህርት

የጋበዘኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ እዚሁ ነቀምቴ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኗል። ከአቅራቢያችን ከጉቴና ከቢላ፣ እንዲሁም ከሌሎች ክልሎች ተመድበው ለመጡ አዳዲስ መምህራን ስለ ሀገሪቱ መልክዐ ምድርና ታሪክ አጠቃላይ ገለጻ እንድሰጥ በስልክ ጠየቀኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ አልተናገርኩም። ከዚያ በፊትም ቢሆን፣ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የታሪኩ መጽሐፍ ሲለወጥ እያየሁ፣ ቀስ በቀስ ከታሪክ ወደ መልክዐ ምድር፣ ወደ ወንዙና ወደ ተራራው ፈቀቅ ያልኩ መምህር ነኝ። ተራራ ማንንም አያስቆጣም። እሺ ከማለቴ በፊት ብዙ አመነታሁ፤ እሺ ካልኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ተሳነኝ።

ልናገር ያቀድሁት ግልጽ ነበር። በየመጽሐፉ የሀገሪቱ ታሪክ ከሰሜን ተነሥቶ ይወርዳል፤ ወለጋ የምትደርሰው መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከቡናዋና ከወርቋ ጋር፣ እንደ ምራቂ ነው። የእኔ ገለጻ ከዴዴሳ ሸለቆ ይጀምራል። ዴዴሳ ወደ ዓባይ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። የሸለቆው ወባ ሰዉን እንዴት ወደ ደጋው እንዳስወጣው፣ ቡና ጭኖ ወደ ጎጃም ተሻግሮ አሞሌ ይዞ የሚመለሰው ነጋዴ ከጨው ሌላ ምን ምን እንዳመላለሰ፣ በኋላም መሬቱ እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደ ዞረ አያይዞ የሚያስረዳ ግን አላጋጠመኝም። ይህን ተናግሬ፣ ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ «አይደለም» እንዲለኝ እፈልግ ነበር። የናፈቀኝ ክርክሩ ነው።

በቀጠሮው ቀን ባጃጁ ከበሩ ሲያወርደኝ ርእሰ መምህሩ ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘ።

«አካም ቡልተን፣ አባ ኮ?»

«ደኅና አደርኩ፣ ልጄ። ሰሌዳው የት ነው?»

«የምን ሰሌዳ? እርስዎ እዚህ ይረፉ» ብሎ መድረኩ መካከል ካለ ባለትራስ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ከፊት የተቀመጠ ከጎጃም የመጣ መምህር፣ «ጋሼ፣ ይህ ወንበር ያስተኛል፤ ይጠንቀቁ» አለኝ። ሳቅን።

ከዚያ ርእሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን አነሣ። «ስብሰባውን አባታችን በምርቃት ይከፍቱልናል። ገለጻውን እኔ በስላይድ አቀርባለሁ፤ እሳቸውን ማድከም ነውር ነው።» አጨበጨቡ።

ጎንበስ ሲል በጆሮው፣ «የጠራኸኝ ለገለጻው አልነበረም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ትልቁን ቦታ ሰጥተንዎታል እኮ። ከምርቃት በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው።»

ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም። ይበልጥ ያበሸቀኝም ይኸው ነው፤ ተንኮል ቢኖርበት መልስ አላጣም ነበር።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ «መርቅ» ሲባል እምቢ አይልም፤ መራቂንም የሚያቋርጥ የለም። ሁለተኛው ትዝ ያለኝ ተነሥቼ ከቆምኩ በኋላ ነው። ከሌላ ክልል የመጡት እንዲሰሙኝ በአማርኛ ጀመርኩ።

«ከዴዴሳ ወባ ይጠብቃችሁ፤ እሱን ሸሽተው ደጋ የሰፈሩትንም አትርሱ።»

«ሃ ታኡ» አለ አዳራሹ፤ ይሁን ማለቱ ነው።

«ቡና ጭነው ዓባይን ይሻገሩ የነበሩትን ነጋዴዎች ጽናት ያድላችሁ። እነሱ በመንገድ የሰው ቋንቋ ለምደዋል፤ እናንተም ልመዱ።»

«ሃ ታኡ።»

«አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ላይ ይቀራል፤ እናንተ አትቅሩ።»

«ሃ ታኡ።» የጎጃሙ መምህር እንኳ መልሱን ለምዶት ነበር።

«ታሪክ ከሰሜን ብቻ ወረደ የሚላችሁን ጠይቁት። መሬቱ የማን እንደ ነበረ፣ በማን እጅ እንደ ገባ ሳትፈሩ አስተምሩ።»

ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ፤ ግን እሱም ከሌሎቹ ጋር «ሃ ታኡ» አለ። ለዘመናት አፌ ላይ የያዝሁትን ዐረፍተ ነገር ማንም ቅንድቡን ሳያነሣ አዳራሹ ዋጠው።

ተስፋ አልቆረጥኩም። «እኔም ተሳስቼ እንደ ሆነ አርሙኝ» አልኩ።

«ሃ ታኡ» አሉ። ያረመኝ የለም።

ተቀመጥኩ። ስላይዱ ተከፈተ፤ የጀመረውም ከሰሜን ነው። ወለጋ ስትደርስ ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበር በፍጥነት ታለፈች።

ለሻይ ስንወጣ የጎጃሙ መምህር አጠገቤ መጣ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።»

«ከየቱ ጋር አልተስማማህም?» አልኩት።

ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ከምርቃት ጋር ማን ይጣላል?» ብሎ ሻዩን በሁለት እጁ አቀረበልኝ።