የተከለከለው የእንቁራሪት ትምህርት

የታሰርኩት በእንቁራሪት ምክንያት ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። እኔ እስካሁን አልሳቅኩበትም።

መርካቶ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ሰሌዳውን በመስመር ከፋፍዬ፣ ርእሱን በቀይ ጠመኔ ጽፌ ተማሪዎቼን የምጠብቅ፣ ጥያቄ ሲበዛ ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ከውጭ በመጣ መጽሔት ላይ ያነበብኩትን አስረዳኋቸው። አንድ ተመራማሪ የእንቁራሪት እንቁላል ወስዶ የውስጡን አስኳል ያጠፋል። በምትኩ ከሌላ ትንሽ እንቁራሪት አንጀት የወሰደውን የአንድ ሕዋስ አስኳል ያስገባል። እንቁላሉ ያድግና አንጀቷን የሰጠችውን ራሷን የምትመስል እንቁራሪት ይሆናል። ያለ አባት፣ ቅጂ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የሰውስ ሕዋስ እንደዚያ ነው? የንጉሥም፣ የተሸካሚም?»

«አዎ» አልኳት። «አስኳል ዘውድ አይደፋም።»

ክፍሉ ሳቀ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች መጥተው ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ ወሰዱኝ።

ያስገቡኝ ፖሊስ ጣቢያ ጀርባ ያለ የድሮ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር በተተወ ክፍተት ብርሃን ይገባል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በሰው ጀርባ ወዝ ጠቁሯል። በዚያ ክፍተት የምን አለሽ ተራ መዶሻ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል፤ በርሜል እየቀጠቀጡ ምድጃ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ነፃ ሆኖ ሥራ ሲሠራ የሚያሰማው ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስቀና እዚያ ነው ያወቅኩት።

ከማስገባታቸው በፊት አንድ መቶ አለቃ ፊት አቆሙኝ። ጺሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ ብርቱካን እየላጠ የሚናገር ሰው ነበር።

«የጃንሆይን ዘር ከእንቁራሪት ጋር ያነጻጸርከው አንተ ነህ?»

«ስለ ሕዋስ ነው ያስተማርኩት፣ ጌታዬ። ሕዋስ ማለት…»

«ዝም በል! እኔን ልታስተምር?» ብርቱካኑን አስቀመጠ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ትምህርት፣ እዚህም ሆነ ውጭ፣ ለማንም ብትናገር ምላስህን እቆርጠዋለሁ። ድገመው!»

«ለማንም አልናገርም።»

«እንደ ተማሪ! ጮክ ብለህ!»

እጆቼን አጣምሬ እንድቆም አደረገና ደጋግሞ አስባለኝ። በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይስቁ ነበር። እኔ አንድም ተማሪዬን እንደዚያ አቁሜ አላውቅም። እስር ቤት ውስጥ ከደረሰብኝ ሁሉ፣ ከዱላው ይልቅ ዛሬም ደሜን የሚያፈላው ያ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው በርበሬ በረንዳ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ለመጠቅለያ በኪሎ የገዙት አሮጌ ወረቀት መሐል መንግሥትን የሚሰድብ በራሪ ጽሑፍ ተገኘ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። «በርበሬዬ እንኳ ያላስነጠሰውን መንግሥት ወረቀቴ አስነጠሰው» ይላሉ። ሁለተኛው የዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ነው።

«አንተስ ልጄ፣ በምን መጣህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

ትእዛዙን እዚያው ጣስኩት። ንዴቴ ሌላ መውጫ አልነበረውም። በአፈሩ ወለል ላይ በጣቴ ክብ ሠርቼ ስለ እንቁላሉና ስለ አስኳሉ አስረዳሁ። አንድ ቀን ሐኪሞች ከራሱ ከበሽተኛው ሕዋስ አዲስ ቆዳ፣ ምናልባትም ኩላሊት ያበቅሉ ይሆናል፤ መውለድ ያልቻለም በዚህ መንገድ ልጅ ያገኝ ይሆናል የሚሉ አሉ አልኳቸው።

ሽማግሌው ወደ ክቡ ጎንበስ አሉ። ልጅ የላቸውም።

«እና የሚወለደው እኔን ይመስላል?»

«ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስለው።»

«ይቅርብኝ! ባለቤቴ እኔን አንዱን ችላ መኖሯም በፈጣሪ ኃይል ነው።» ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ግን… ትንሽ እሷን ቢመስል ጥሩ ነበር።»

«ይህ አዲስ ነገር አይደለም» ብዬ ቀጠልኩ፤ ሲያዳምጡኝ ማቆም አልችልም። «አንድ እንቁላል ማሕፀን ውስጥ ለሁለት ሲከፈል መንታ ይወለዳል። ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ቅጂ ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ።

«ሁሉ ነገራቸው አንድ ነው?»

«የጣት አሻራቸው ሲቀር። እሱ ማሕፀን ውስጥ እያደጉ ሳሉ ለየብቻ ነው የሚቀረጸው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ እኔ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። በራሪ ጽሑፉን ያባዛው መንታ ወንድሙ ነው። ፖሊሶች ቤት መጥተው የወንድሙን ስም ሲጠሩ «እኔ ነኝ» ብሎ እጁን ሰጠ። ወንድሙ ነገ ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ ወደ ጠረፍ ይሄዳል። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ከተያዙት ወረቀቶች በአንዱ ላይ የወንድሙ አውራ ጣት በቀለም ታትሟል።

«እንደማይመሳሰል አላውቅም ነበር» አለ። «በእናትህ መምህር፣ ይህን ነገር ለሌላ ሰው አታስረዳ።»

ከሰዓት በኋላ እኔንና ልብስ ሰፊውን ጠሩን።

መቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ ተዘርግቷል። ጥግ ላይ ያለው ጥቁር አሻራ ከቆምኩበት ይታየኛል፤ መስመሩ ሁሉ ጥርት ያለ ነው።

«ጎረቤት እንደነገረን ይህ ሰውዬ መንታ አለው» አለ። «እና የያዝኩት ዋናውን ነው ወይስ ግልባጩን?» በራሱ ቀልድ ፈገግ አለ። «መምህር፣ ቁጭ በል። ብርቱካን ብላ።»

አልተቀመጥኩም።

«ያንተ ሙያ ነው። የመንታ አሻራ ይለያያል ወይስ አንድ ነው? የሚለያይ ከሆነ አሻራ የሚያነብ ሰው አሁኑኑ አስመጣለሁ፤ አሻራው የዚህ ሰው ካልሆነም ሌላኛው ከተማ ሳይለቅ መውጫውን ሁሉ አስዘጋለሁ። አንድ ከሆነ ግን አንባቢውን በከንቱ አስመጥቼ ለምን አለቆቼ ይስቁብኛል? ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

ልብስ ሰፊው ወለሉን ያያል። ጆሮው ሥር የደም ሥሩ ሲመታ አየሁ።

«አንድ ነው» ብዬ መዋሸት እችል ነበር። ነገር ግን ከአለቆቹ አንዱ እውነቱን ቢያውቅ ውሸቴ ራሱ ይመሰክርብናል። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ለዚያ ሰው የሳይንስ ውሸት እንኳ ላስተምረው አልፈለግኩም። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። በሕይወቴ የማውቀውን ነገር ተጠይቄ ዝም ብዬ አላውቅም።

«መቶ አለቃ፣ ይህን ትምህርት ለማንም እንዳልናገር አዝዘውኛል» አልኩት።

«አሁን ተናገር እያልኩህ ነው!»

«ጮክ ብዬ አስደግመውኛል። ‹ለማንም› ነው ያሉት። ‹ለማንም› እርስዎንም ይጨምራል።»

እጆቼን ቀደም ብሎ እንዳስተማረኝ አጣምሬ ቆምኩ።

በር ላይ ከቆሙት ፖሊሶች አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። መቶ አለቃው ሰምቶታል። ተነሥቶ በጥፊ መታኝ፤ ብርቱካኑ ተንከባልሎ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር አልፈልግም። የግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም።

«ሐኪም እጠይቃለሁ!» ሲል ይሰማኛል። «ያንተን የመሰለ መቶ ሊቅ አለኝ!» ያን ዕለት ግን የሚጠይቀው ሐኪም አላገኘም። ፖሊሶቹ የሳቁበት ሰው ዳግመኛ መሳቂያ መሆን ፈርቶ እንደሆነም እንጃ፣ አሻራ አንባቢም አልጠራም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ያብሱልኝ ነበር። ልብስ ሰፊው ከክፍተቱ ሥር ቆሟል። መዶሻዎቹ ገና አልጀመሩም። ከወደ አውቶቡስ ተራ ጥሩምባ ተሰማ፤ ቆይቶ ሌላ፤ ከዚያም የሞተር ድምፅ እየራቀ ሄደ። የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ ማን ያውቃል?

«ሄደ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሄደ» አለና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተኛው እንቅልፍ የሕፃን እንቅልፍ ነበር።

ኋላ ከላይ የመጣ ሰው አሻራውን አይቶ የታሰረው ሌላው መንታ መሆኑን ተናገረ። በወንድሙ ፈንታ ልብስ ሰፊውን ቀጡት። ሽማግሌውን ከብዙ ምልጃ በኋላ ለቀቋቸው። እኔ ክረምቱ እስኪወጣ እዚያው ቆየሁ፤ ከዚያ «ሂድ» አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም ያስረዳኝ የለም። ሁሉን ነገር ማስረዳት ለምወድ ሰው ይህም ራሱን የቻለ ስድብ ነው።

አሁን በሌላ ሰፈር አስተምራለሁ። የሕዋስና የመንታ ትምህርት ላይ ስደርስ የማኅተም ቀለምና ነጭ ወረቀት ይዤ እገባለሁ። ተማሪዎቹ ሁሉ አውራ ጣታቸውን ያትማሉ፤ ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው ሁለት መንታ እኅትማማቾች ነበሩ። ወረቀቶቻቸውን ጎን ለጎን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«መምህር፣ ይለያያል!» አለች አንደኛዋ። «ለምን?»

ቀዩን ጠመኔ አነሣሁ። በቀኝ ጆሮዬ እንድሰማቸው ዞሬ ቆምኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው።