ለአለቃው የመረጥነው ሼሪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለገና አስቤዛ ሱፐርማርኬት ወስዳኝ ነበር። መጠጥ የተደረደረበት ጋ ስንደርስ አንዱን ጠርሙስ አነሳችና "እማዬ፣ ይሄ ሼሪ ጥሩ ነው? ዋጋውም አይከፋም" አለችኝ። ጋሪውን ተደግፌ ቆምኩ። "ደከመሽ እንዴ?" ስትል አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ቀይ ሽብር ደሴን የሚያምስበት ጊዜ። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ቀበሌ ታስሯል። እናታችን ከድንጋጤው ብዛት አልጋ ስለያዘች ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ በሩ ላይ ስንቅሽን ሳይቀበሉ ከመለሱሽ ሰውሽ የለም ማለት ነው። ሳሕኑ ባዶውን ሲመለስልኝ እንኳ እሱ ይብላው ጠባቂዎቹ ይብሉት በምን አውቃለሁ? ከታሰረ ጀምሮ ፊቱን አላየሁም።

ከእትዬ ዘይነባ ጋር የተዋወቅነው እዚያ በር ላይ ነው። ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሰይድም እዚያው ታስሯል። የገና ሰሞን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "የጥበቃዎቹ አለቃ ጠርሙስ ይወዳል አሉ፣ የውጭውን። ላመጣለት ሰው እስረኛውን ያስጠራለታል። ያለንን እናዋጣና አንቺ ምረጪ፤ እኔ ስለ መጠጥ ምን አውቃለሁ?" አሉኝ። እኔስ ብሆን ከጠላ ሌላ ምን አውቃለሁ!

ደሴ ውስጥ መግዛት አይታሰብም፤ ዓይን አለ። ኮምቦልቻ ግን ከአሰብ የሚመጡ ሾፌሮች ያራገፉት ዕቃ በጓዳ ይሸጣል። ጉሙን ደሴ ላይ ትተን ቁልቁል ወረድን። ታች ሙቀት ነው፤ መንገዱ ዳር ሸንኮራና ብርቱካን ተከምሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሸንኮራዬን እየመጠጥኩ በዞርኩ፤ የዚያን ቀን አፌ ደርቆ ምራቅ እንኳ አልነበረኝም።

ባለሱቁ ሦስት ጠርሙስ አወጣልን። ውስኪውን አቅማችን አይነካውም፤ ብንችልስ አለቃው "ገንዘቡን ከየት አመጣችሁት?" ቢለንስ? ኡዞው ርካሽ ነው፤ ግን ናቃችሁኝ ብሎ ቂሙን በልጆቹ ላይ ቢወጣውስ? እንዲህ ያለ ግብይት ለጠላቴም አልመኝ። አንዱን ሳነሳ ሌላውን ስመልስ ቆይቼ በመጨረሻ መካከለኛውን፣ ሼሪውን ያዝኩ።

"ይጣፍጣል?" አሉት እትዬ ዘይነባ ባለሱቁን።

"እኔ እንጃ እትዬ፤ የጠጡት አልሞቱም።"

"አስተግፊሩላህ!" አሉና እጃቸው እንዳይነካው በሻርፓቸው ጫፍ ጠቅልለው ብብታቸው ስር ሸጎጡት። "አንቺን ይፈትሹሻል። እኔን ማን ይጠረጥረኛል?"

ስንመለስ ኬላው ላይ ከአውቶቡስ አስወረዱን። እኔን ጫማዬን ሳይቀር አስወለቁኝ። ወታደሩ እትዬ ዘይነባ ጋ ሲደርስ እብጠቱን አየ።

"ምንድነው የያዙት እናቴ?"

እሳቸው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። "መጠጥ ነው ልጄ" አሉት።

አለቀልን! ወታደሩ ግን መቁጠሪያቸውን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ በሳቅ ፈነዳ። "ቀልደኛ ነዎት እኮ! ይግቡ፣ ይግቡ" አላቸው። እስከ ደሴ እጄን ጨብጠው አልለቀቁም።

ቀበሌው በር ላይ አለቃው ጠርሙሱን አገላብጦ ጽሑፉን አየና ፈገግ አለ። "ማንን ልጥራ?"

"ታደሰንና ሰይድን" አልኩ።

"በአንድ ጠርሙስ አንድ ሰው ነው።"

እትዬ ዘይነባ ቀደሙኝ፤ "የእሷን ወንድም ጥራላት።"

"አይሆንም እትዬ! እርስዎ እናት ነዎት..."

"ዝም በይ። በዓሉ የእናንተ ነው። የእኔ በመውሊድ ይሆናል፣ ኢንሻ አላህ።"

ታደሰ ወጣ። ከስቷል፣ ግን በእግሩ ቆሟል። እንባዬ ዓይኔን ጋረደኝ። እትዬ ዘይነባ "ሰይድን አየኸው ልጄ?" ሲሉት ቀና ብሎ አያቸውና፣ "ደህና ነው። አጠገቤ ነው የሚተኛው" አላቸው። "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ግንባሩን ሳሙት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታደሰ ተፈታ። ቤት በገባ በማግስቱ ነገረኝ። ሰይድን ከገና በፊት ወስደውት ኖሯል፤ አልተመለሰም። እናትየው በየቀኑ የሚያመላልሱትን ስንቅ የሚበሉት ጠባቂዎቹ ናቸው። "ምን ልበላቸው? ደስታቸውን እያየሁ ምን ልበላቸው?" አለኝና አለቀሰ።

እኔም ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ መውሊድ ደረሰ። አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ገንዘባቸውን በመሐረብ ቋጥረው።

"ነይ እንጂ፣ ኮምቦልቻ እንውረድ" አሉኝ።

ታደሰ ድምፃቸውን ሲሰማ ጓዳ ገባ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ብዙ ዘመን አልፏል፤ እሳቸውም አርፈዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። እኔ ግን ዛሬም መውሊድ ሲቃረብ በር ከተንኳኳ ሌላ ሰው እንዲከፍት እጠብቃለሁ።