መንገድ የዘጋችው ሳሞ

ቤርናዴት ፓሬ የሳሞ ብሔረሰብ ሴት ናት። ዋሂጉያ ከተማ፣ ሞሲ ከሚባለው ብሔረሰብ መሃል ተድራ መጥታ፣ ባሏን ቀብራ እዚያው ቀረች። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ መውጫ ላይ ተቀምጣ አደንጓሬ አድቅቃ በዘይት ትጠብሳለች፤ ምላሷ ግን ከዘይቱ ብሶ ያቃጥላል። ሞሲ ሲያልፍ፣ "ሎሌዬ፣ እጅ ሳትነሳ ወዴት?" ትለዋለች። እሱም መልሱን አያጣም። ሳሞና ሞሲ ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቢሰዳደቡም መቀያየም ነውር ነው። ሳሞ በአያቶች ስም የለመነውን ደግሞ ሞሲ እምቢ አይልም። እምቢ ያለ መጨረሻው አያምርም ይባላል።

ጎረቤቷ ፖኮ ይህንኑ ወግ አስባ መጣች።

"ልጄ ኖቢላ ነገ ወታደር ሊመዘገብ ነው። አባቱን አልሰማ፣ እኔን አልሰማ። አንቺን ግን አልፎሽ አይሄድም። ታላቅ ወንድሙን የወርቅ ጉድጓድ በላብኝ፤ ይሄኛው ከሄደ እኔም የለሁም።"

"እኔ እያለሁ?" አለች ቤርናዴት ደረቷን መትታ። "ደሞ ሞሲ መሮጥ እንጂ መተኮስ መች ያውቅና!"

በማግስቱ ምድጃዋን ጎትታ መሃል መንገድ ላይ ተደነቀረች። ኖቢላ ሸሚዙን ተኩሶ ብቅ አለ።

"ወዴት ነው ሎሌዬ? ይሄ ትከሻ ነው ጠመንጃ የሚሸከመው?"

ሰፈርተኛው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። "እማማ፣ ዞር በይልኝ፣ ይረፍድብኛል።"

"አልዞርም። በአያቶቻችን ይዤሃለሁ፣ አትሂድ።"

ልጁ ክው አለ። ወዲያና ወዲህ አየ፤ ከዚያ "እሺ" ብሎ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ፖኮ ከአጥሩ ኋላ እልል አለች።

"ይኸው ቀረሁ። አሁን ምን ላድርግ?"

"እሳቴን አራግብ!"

አራገበ። እኩዮቹ እየተንጫጩ ምዝገባው ወዳለበት ስታዲየም ሲያልፉ ቀና ብሎ እንኳን አላያቸውም። ቤርናዴት ልትተርበው አፏን ከፈተች፤ ተረቡ አልመጣ አላት። ይህን ልጅ አስቀርታ የት ልታደርሰው ነው? ታጣቂዎች ሲያባርሯቸው እርሻቸው ቀዬው ላይ ቀርቷል። ትምህርቱን ከጨረሰ ወዲህ ያላንኳኳው በር የለም። ወደ ወርቅ ጉድጓዱ ደግሞ፣ በምን አንጀቷ ትላከው?

"ጦርነት እንደሚገድል አታውቅም?" አለችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ።

"አውቃለሁ እንጂ። ባለፈው ክረምት የሄዱትን እኔም ቆሜ ቀብሬያለሁ። ግን እማማ፣ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። እኔ ጎኔን እንዳሳርፍ አባቴ ደጅ ወጥቶ ይቀመጣል። እዚያ ሰው እንፈልጋለን ብለዋል። እዚህ ማን ይፈልገኛል?"

"እናትህ ነቻ!"

"እናቴ እንድኖር ነው የምትፈልገው። በምን እንደምኖር ጠይቂያት።"

አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። ባትፈታው ኖሮ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ያራግብላት ነበር፤ ያስፈራትም ይኸው ነው።  ከሞት ያዳነችው መስሏት ነበር፤ እንደ ፍየል ካስማ ላይ አስራው ኖሯል። የምትሰጠው ሣር ደግሞ የላትም።

ተነሳችና ምድጃዋን ራሷ ጎትታ ዳር አደረገችው።

"ተነስ። ፈትቼሃለሁ።"

ኖቢላ ሱሪውን አራገፈ። ጥቂት ተራመደና ሮጠ።

ፖኮ ከአጥሩ ኋላ ስትወጣ ልጇ ከዓይን ርቋል። ቤርናዴት ፊት መጥታ ቆመች።

"ሳሞ ባትሆኚ ኖሮ ዛሬ አልለቅሽም ነበር።"

"ዛሬ ሳሞ አይደለሁም" አለች ቤርናዴት። "ምቺኝ።"

ፖኮ እጇን አነሳች።  ልጇን ሊያስቀርላት ያልቻለው ወግ እጇን ግን ያዘው።