ሁለት ወንበር ያላት ጣውንቴ

ማስታወቂያውን ያየሁት በምሳ ሰዓት ነው። የምሠራው ኖርዝ ዮርክ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ነው፤ ምሳዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ። ከቸርች የማውቃት አንዲት እህት ስልኬ ላይ ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ «ይቺ የናንተዋ አይደለችም እንዴ?» ይላል። ከፈትኩት። የኛ ጋራዥ በር፣ የኛ የበረዶ አካፋ፣ መሃል ላይ ደግሞ እሷ። ጣሪያዋ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ቀለሟ እያብረቀረቀ። «የድሮ አሜሪካ ሠራሽ መኪና፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰች፣ ለሽያጭ።» ማይክሮዌቩ ጮኸ። ምሳዬን ሳላወጣ የእረፍት ሰዓቴ አለቀ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው፤ ደስ አላለኝም።

ከዚያች መኪና ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተጣልቼ ኖሬያለሁ። ባሌ የተጋጨ መኪና ላሜራ የሚያቃና ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲደበድብ ውሎ፣ ኢስት ዮርክ ቤታችን ሲደርስ ደግሞ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ጋራዥ ይገባል። ያመጣት ቀን እኮ መኪና አትባልም ነበር። በትልቅ መኪና ተጭና መጥታ ሲያወርዷት ከሆዷ የሆነ ብረት ወድቆ አስፋልቱ ላይ ቀረ። በር ላይ ቆሜ ጮኽኩ።

«በዚህ ብርድ አገር ጣሪያ የሌላት መኪና! ደግሞ ሁለት ወንበር! ሦስቱን ልጆች የት ልትጭናቸው ነው፣ ኮፈኗ ላይ?»

«እስክጨርሳት እነሱም ያድጋሉ» ብሎ ሳቀ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በሩን ዘግቼበት ገባሁ።

ጣውንቴ እላት ነበር። ሰው ደውሎ «ባለቤትሽ የት ሄደ?» ሲለኝ «ጣውንቴ ጋ ነው» እላለሁ፤ እንስቃለን። ግን ስቄ ብቻ አልቀረሁም፤ አፌን ሞልቼ «እግሬ እዚያች መኪና ውስጥ አይገባም» ብያለሁ። እኔ ደግሞ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው። ባለፈው ሰመር ጨርሷት መጀመሪያ ሲያወጣት ጎረቤቱ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ አጨበጨበለት። እኔ ከመስኮት ነው ያየሁት። «ነይ፣ በሞቴ፣ ዳንፎርዝ ድረስ ብቻ» ብሎ ለመነኝ። «ፀጉሬን ላበላሽ?» አልኩት። ብቻውን ሄደ።

እና አሁን ሊሸጣት ነው። የዚያን ዕለት እንደገባ ጠየቅኩት።

«ትሸጣታለህ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«በቃኝ።»

እራቱን በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ጋራዥም አልገባም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዜና አየ! ታሞ ይሆን ብዬ የመድኃኒት መደርደሪያውን በረበርኩ፤ የራስ ምታት ክኒን ብቻ ነው ያለው። ሌላ ሴት ወዶ ይሆን አልኩ፤ ደግሞ መልሼ፣ አንቺ ሞኝ፣ ሌላ ሴት ያለው ሰው ሁለት ወንበር ያላትን መኪና ይሸጣል እንዴ? ኮሌጅ የገባችው የመጨረሻዋ ልጄ ጋ ደወልኩ። «ማሚ፣ አንቺ የፈለግሽው ይሄንኑ አልነበረም?» ብላ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። ታዲያ ለምንድነው ሆድ የባሰኝ?

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የቸርቻችንን ሽማግሌ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳቸው። ያጋቡን እሳቸው ናቸው፤ ባሌ ማንንም ባይሰማ እሳቸውን ይሰማል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ባለቤቴ መኪናዋን ሊሸጥ ነው። ምን እንደነካው እንጃ፣ እባክዎ ያነጋግሩልኝ።»

ፊታቸው በራ። «ጌታ ይመስገን! አነጋግሬው የለ እንዴ ልጄ! ባለፈው ወር ቁጭ አድርጌ አነጋገርኩት። ያንቺ የጸሎት ርዕስ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጸለይበት የኖረ ነው፤ በመጨረሻ ወደኛ ወደ ሽማግሌዎች ተላለፈ።»

«የኔ የምን የጸሎት ርዕስ?»

ስጠይቃቸው ትዝ አለኝ። ወይ ጉዴ! ማክሰኞ ማክሰኞ የእህቶች ጸሎት አለን፤ ርዕስ ያላት በወረቀት ጽፋ ትሰጣለች። አንድ ማክሰኞ ተጣልተን ወጥቼ፣ በንዴት «ባሌን ከዚያች መኪና ጌታ ያላቅቅልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ሴቶቹ ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። እኔ እቤቴ ሳልደርስ ረሳሁት። እኛ ጋ ግን አንድ ርዕስ ባለቤቷ «ተመለሰልኝ» ካላለች አይሰረዝም። ጸሐፊዋ ወር በመጣ ቁጥር ከአሮጌው ዝርዝር ወደ አዲሱ ስትገለብጠው ኖራለች፤ የሰው ሕመም፣ የሰው የመኖሪያ ወረቀት፣ ከመሃል የኔ መኪና።

«ምን አሉት ጋሼ?»

«‹ሚስትህ ሦስት ዓመት ስታለቅስ ኖራለች› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ‹ሦስት ዓመት?› ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። አላለቀስኩም እኮ! አንድ ቀን ተናደድኩ እንጂ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው፣ በሚቀጥለው እሁድ ለጉባኤው ምስክርነት እንድሰጥ እህቶች እየተዘጋጁ መሆኑን ነገሩኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አፌን ከፍቼ መናገር አቃተኝ። ምን ልበለው? ተሳስቼ ነው ልበል? ደግሞስ ተሳስቻለሁ? ከዚያች መኪና እንዲላቀቅ ስመኝ አልኖርኩም? የምፈልገውን የማላውቅ ሴት ሆንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ገዢው ሊያያት ይመጣል ተባለ። ተነስቼ በመስኮት ሳይ ባሌ ያጥባታል። ስፖኪዮውን በጨርቅ ደጋግሞ ይወለውላል፤ የጠራውን መልሶ ይወለውላል። የቤት ጫማዬን እንዳደረግኩ ወጣሁና የቀኙን በር ከፍቼ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ባሌ ጨርቁን ይዞ ቀረ።

እኔ አጭር ነኝ። አውቶቡስም ሆነ ባቡር ላይ ስቀመጥ እግሬ ወለል አይነካም፤ በሽተኛ በማንሳት የተጎዳው ወገቤም ወዲያው ይጀምረኛል። እዚህ ግን እግሬ ወለሉን ረገጠ። ወገቤ ላይ ደግሞ የሆነ ነገር ደገፈኝ። ዞሬ አየሁ፤ ከወንበሩ ቆዳ የተሰፋች ትንሽ መደገፊያ ናት። የሱን ወንበር አየሁ፤ የለውም።

«ይቺን ማን አደረጋት?»

«ወገብሽን ያምሽ የለ» አለ።

ያኔ ነው «እስክጨርሳት ያድጋሉ» ያለው የገባኝ። ሦስቱም አድገው ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን።

«ያን ርዕስ የጻፍኩት ተናድጄ ነው» አልኩት። «ወዲያው ረስቼዋለሁ። አንድም ቀን አላለቀስኩም!»

«ሦስት ዓመት ረሳሽው?»

«ሦስት ዓመት!»

አልሳቀም። «እኔ ደስ ብሎኝ ስሠራ፣ አንቺ ውስጥ ስታለቅሺ ነበር ብዬ...» አለና ፊቱን በያዘው ጨርቅ ሸፈነ። በተጋባን በስንት ዓመታችን እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ገዢው የመጣው በዚህ መሃል ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ ጨዋ ሽማግሌ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አደነቃት፣ ሹፌር ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ከዚያም «ቆይ፣ እንዲህ ያለች መኪና ለምን ትሸጣለህ?» ሲል ባሌን ጠየቀው። ባሌ እኔን አየኝ። ያ ራሴን ሲያዞረኝ የከረመው ጥያቄ ተመልሶ እኔው ላይ ወደቀ።

«አትሸጥም» አልኩ።

ሰውየው የቤት ጫማዬን አየ፣ ባሌን አየ፣ ሳቅ ብሎ ወረደ። ባሌ ይቅርታ ጠይቆ እስከ መኪናው ሸኘው።

በማግስቱ ቸርች በሷ ሄድን። እህቶች በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ፣ በዚያች መኪና ደረስኩ። ጸሐፊዋ ዝርዝሩንና እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረበችኝ።

«እህቴ፣ ግራ ገባኝ። ተመለሰ ብዬ ልሰርዘው፣ ወይስ...?»

«እኔ እንጃ» አልኳት፣ በነፋስ የተበላሸ ፀጉሬን በእጄ እየሰበሰብኩ። «ብቻ ሰርዢው።»