በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ

ነገሩን እንዳላሳምረው በየቀኑ ቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ... በነርስነት ወደምሠራበት የላስታ ጤና ጣቢያ አንዲት መነኩሲት ሁለቱም ጉልበታቸው አብጦ መጡ። ጤና መኮንኑ ዲክሎፌናክ አዘዘላቸው፤ አወሳሰዱን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አልመጡም፤ ተሽሏቸዋል ብዬ ገመትኩ። ቅዳሜ ጠዋት በቃሬዛ መጡ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ የደም ግፊታቸው ወርዷል። ጨጓራቸው እየደማ ነበር።

አሁን ሰኞ ወደተባባልነው ልመለስ።

ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው «የቆቤን ነው የሥጋዬን?» አሉኝ። ሳቅሁ። በቆብ ሠላሳ፣ በሥጋ ሰባ አካባቢ ሆነ። ጉልበታቸውን ያሳበጠው የጾሙ ስግደት እንደሆነም ራሳቸው ነገሩኝ።

ዲክሎፌናክ ሕመምንና እብጠትን ያስታግሳል፤ ነገር ግን የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል፤ ለአረጋዊ ሰው ደግሞ አደጋው ይበልጣል። ይህን ስለማውቅ ተጠነቀቅሁ። በቀን ሦስት ጊዜ አንዳንድ ፍሬ፣ ሁልጊዜ ከምግብ በኋላ፣ ሳይቀምሱ እንዳይውጡ... አልኳቸው። እንደተማርኩትም አስደገምኳቸው። አንድም ቃል ሳያጓድሉ ደገሙት። መዝገቡ ላይ «ምክር ተሰጥቷል» ብዬ ፈረምኩ።

ቅዳሜ እኔ ፈሳሽ ስሰጣቸው ጤና መኮንኑ መድኃኒቱን እንዴት ይወስዱ እንደነበር ጠየቃቸው። የቀኑን ሦስት ፍሬ በአንድ ላይ እንደሆነ ሲነግሩት ተቆጣ።

«እማሆይ፣ ሦስት ጊዜ እኮ ነው የተባሉት። ሦስቱን ባንዴ እንዲውጡ ማን ነገረዎት?»

«ሦስት ጊዜ የምበላው መቼ ነው፣ ልጄ?» አሉት። ድምፃቸው ደክሟል... «የምቀምሰው አንዴ ነው፤ እሱም ሲመሽ። ሳልቀምስ ብውጥ ቃሉን አፈረስኩ። ሁለቱን ባሳድርም ቃሉን አፈረስኩ። እሱ እንዳለኝ ነው ያደረግሁት።»

በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ሁለቱን መመሪያዎች አንድ ላይ ለመፈጸም ለእሳቸው የነበረው መንገድ ይኸው ብቻ ነበር። ከምንኩስና ሥርዓት ሁሉ ቀዳሚው መታዘዝ ነው፤ እሳቸውም ታዘዙ። በጾም ወራት ቆብ የደፋ ሰው ፊት ተቀምጦ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመገብ ያልጠየቀው ሰው እኔ ነኝ።

ጤና መኮንኑ ወደ ሆስፒታል የሚልካቸውን ወረቀት እንደተለመደው በእንግሊዝኛ ጻፈ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ታካሚዋ የተሰጣቸውን መመሪያ እንዳላከበሩ አሰፈረ። አሳየኝና ልክ መሆኑን ጠየቀኝ። አነበብኩት... ከሥሩ ፈረምኩ። እማሆይ ያንን ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘው በአምቡላንስ ሄዱ።

ተረፉ። ከፋሲካ በኋላ በምርኩዝ እየተደገፉ መጥተው የምሠራበት ክፍል በር ላይ ቆሙ። ለሕክምና የመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። ሆስፒታልም ወረቀቱ እየተነበበ፣ ትእዛዝ ለምን አይጠብቁም ተብለው እንደተወቀሱ ነገሩኝ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ነገርህን ሳላስተውል አሳጣሁህ።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ እማሆይ» አልኩ። በትክክል ያልኩት ይህንን ነው።

«ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። ትእዛዝ አፍርሻለሁና ቀኖና ይስጡኝ ብዬ... ስግደት ሰጥተውኛል። በዓለ ሃምሳ ሲያልፍ እጀምራለሁ።»

ጉልበታቸውን አየሁት። እብጠቱ አልጎደለም።

በዓለ ሃምሳ አይሰገድበትም፤ ስለዚህ ገና ከአንድ ወር በላይ ጊዜ ነበረኝ። ገዳማቸው ከጤና ጣቢያው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

ሃምሳው ቀን አለፈ። ሄጄ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላልኳቸውም።